መዝገብና አማና በሱለይማንያ መስጂድ ግንባታ

«ቢሮክራሲ» የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታወሰን የመሥሪያ ቤት መጉላላት ነው፤ ሥርዓቱም ከፋብሪካ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለናል። ይሁን እንጂ የሥራ ክፍፍል፣ የሥልጣን ተዋረድና የጽሑፍ መዝገብ ከማሽን ዘመን በፊትም ታላላቅ ሥራዎችን መርተዋል። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነን በኢስታንቡል የሚገኘው የሱለይማንያ መስጂድ ግንባታ ነው።

ግንባታው በ957 ዓመተ ሂጅራ (1550 እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ በ964 (1557 እ.ኤ.አ.) ተጠናቀቀ። ንድፉንና የእጅ ሥራውን የመሩት ሚዕማር ሲናን ነበሩ። ገንዘቡንና የሠራተኛውን ሒሳብ የያዘው ግን ሌላ ሹም፣ «የግንባታ አሚን» የሚባለው ነበር፤ ካቲቦችም በሥሩ ይሠሩ ነበር። ሥራውን የሚያዝዘውና ገንዘቡን የሚቆጥረው ሰው የተለያዩ እንደነበሩ ልብ ይሏል።

የሒሳብ መዝገቦቹ ለዘመናችን ደርሰዋል፤ ቱርካዊው የታሪክ ምሁር ዑመር ሉጥፊ ባርካን በሰፊው አጥንተዋቸዋል። ድንጋይ ጠራቢው፣ ግንበኛውና አናጺው በየሙያቸው ተመዝግበዋል። ከባለሙያዎቹ መካከል ሙስሊሞቹና ክርስቲያኖቹ በቁጥር ተቀራራቢ ነበሩ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል አዘዋል። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽም ዕዳን በጽሑፍ እንድናሰፍር ታዘናል። ሠራተኛው በሺህ ሲቆጠር እነዚህን ትእዛዛት ለመፈጸም በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚመሰክር ጽሑፍ ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር ግን እነዚሁ መዝገቦች በፈቃዳቸው ያልመጡትንም ይዘዋል፦ የጦር መርከብ ቀዛፊ ባሮችን፣ እንዲሁም ከክርስቲያን ቤተሰቦች በግዴታ ተወስደው ለየኒቸሪ ጦር የሚሠለጥኑ ወጣቶችን። ሰውን በትክክል የቆጠረ ሁሉ መብቱን ጠበቀለት ማለት አይደለም። የመዝገብ ሥርዓት የያዘውን ዓላማ ያጠናክራል፤ ዓላማውን ራሱን የሚመዝነው ሸሪዓና ኅሊና ነው።

ዛሬ መስጂድ ወይም መድረሳ ስናሠራ «ወንድማማች ነንና መዝገብ ምን ያደርጋል?» የሚል ድምፅ እንሰማለን። እንዲህ ስንል ገንዘብ ያዡን ለሐሜት፣ የቀን ሠራተኛውን ለበደል እናጋልጣለን። ሒሳብ ያዡ ከሥራ መሪው ይለይ፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ቀን ይጻፍ፣ ክፍያውም በጊዜው ይድረሰው። ይህን ለጀመዓው ማስተማር የኢማሞችና የመምህራን አማና ነው።