የፍርምባ ሽንቁር

ሐኪሞች «ስተርናል ፎራሜን» የሚሉትን እዚህ «የፍርምባ ሽንቁር» ብለነዋል። ፍርምባ ቅርጫ የገባ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሰውም ላይ ቦታው ያው ደረት ነው፤ ጎድኖች ከፊት የሚያያዙበት ጠፍጣፋ አጥንት። በአንዳንድ ሰው ይህ አጥንት ከታችኛው ሲሶው ላይ፣ መሐል ለመሐል ከአፈጣጠሩ ቀዳዳ አለው።

መነሻው ማኅፀን ውስጥ ነው። የደረት አጥንት ሲጀምር ግራና ቀኝ የተለያዩ ሁለት ለስላሳ ዘንጎች ነው። ዘንጎቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ዚፕ እየተጋጠሙ ይሄዳሉ፤ ወደ አጥንትነት መጠንከሩ ግን ከዚያ በኋላ ዓመታት ይፈጃል። በታችኛው ክፍል ማጠንከሩ ብዙ ጊዜ ከግራና ከቀኝ ለየብቻ ስለሚጀምር፣ ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ የቀሩበት ስፍራ ሽንቁር ሆኖ ይቀራል። ከ100 ሰው በ5ቱ ገደማ ይገኛል፤ ብርቅ የሚባል አይደለም።

አያምም፣ በእጅ ዳብሰውም አያገኙትም። ተራ ራጅም ብዙ ጊዜ አያሳየውም። በሌላ ምክንያት ሲቲ ስካን የተነሳ ሰው ነው ድንገት የሚታይበት። ታዲያ ስም ማውጣት ለምን አስፈለገ? ከሽንቁሩ ጀርባ ያለው ልብ ስለሆነ ነው።

በአኩፓንክቸር ሕክምና መርፌ ከሚገባባቸው ነጥቦች አንዱ ደረት መሐል፣ በጡት ጫፎች ትይዩ ነው። ባለሙያው መርፌው አጥንት ሲነካ ይቆማል ብሎ ይተማመናል። ከኖርዌይ የተላከና በ1995 እ.ኤ.አ. ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ እንደሚያስረዳው ግን፣ በአንድ ታካሚ ላይ መርፌው በሽንቁሩ አልፎ ልብ ጋ ደረሰ። በልብ ዙሪያ ባለው ከረጢት ደም ሲጠራቀም ልብ ተጨንቆ መምታት ያቅተዋል፤ ታካሚዋም በዚሁ ሞተች። ከደረት አጥንት መቅኔ የሚቀዱ ሐኪሞች ወደ ላይኛው ክፍል፣ በሁለተኛው ጎድን ትይዩ የሚጠጉትም ለዚህ ነው፤ ዳሌ ቢመረጥ ደግሞ ይሻላል።

ሌላው ስህተት የሚፈጠረው በሙታን ላይ ነው። ከመቃብር የወጣ ፍርምባ መሐሉ ተበስቶ ሲገኝ «ጥይት መትቶታል» ለማለት ያስቸኩላል። ጠርዙን ቀርቦ ማየት ይበጃል። ጥይት ሲገባ ጠባብ፣ ሲወጣ ሰፊ ቀዳዳ ይተዋል፤ ዳሩ ይሸራረፋል፣ ስንጥቅም ሊከተለው ይችላል። የተፈጥሮው ሽንቁር ግን ዳሩ ክብና ልሙጥ ነው፤ በጠንካራው የአጥንት ሽፋን ዙሪያውን ተለብጧል፣ ስንጥቅ አይታይበትም።

የሲቲ ውጤትዎ ላይ ይህን ስም ካዩ መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አያስፈልግዎትም። ደረትዎ ላይ መርፌ ሊያስገባ ለተዘጋጀ ሰው ግን አስቀድመው ይንገሩት።