ባክቴሪያ ሁለት ምግብ ሲቀርብለት

ጥቂት አፈር በእጃችን ብንዘግን በውስጡ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ አለ። ምግቡም ብዙ ዓይነት ነው፦ ከሥር የሚወጣ ስኳር፣ ኦርጋኒክ አሲድ፣ የበሰበሰ ቅጠል። ታዲያ ይህ ሁሉ ባንዴ ሲቀርብለት አግበስብሶ ይበላል ወይስ ተራ ያስይዛል? መልሱ የተገኘበት ታሪክ ለኛ ለመምህራንም ለተማሪዎቻችንም ሩቅ ስላልሆነ በዚህ እትም አቅርበነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። ጁን 1940 የጀርመን ጦር ከተማዋን ያዘ። የሶርቦኑ ተመራማሪ ዣክ ሞኖ ግን የዶክትሬት ጥናቱን አላቋረጠም። ለባክቴሪያዎች ሁለት ዓይነት ስኳር ቀላቅሎ ይሰጥና ፈሳሹ ምን ያህል እንደደፈረሰ በየጊዜው ይለካል። ደፈረሰ ማለት ባክቴሪያው በዛ ማለት ነው። በአንዳንድ ቅልቅሎች ላይ ዕድገቱ ይወጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል።

ቀጥሎ ያደረገው ለክፍል ትምህርት ግሩም ነው። የግሉኮስንና የስኳር ዘመድ የሆነውን የሶርቢቶልን መጠን ቀያየረ፦ 1 ለ3፣ እኩል ለእኩል፣ 3 ለ1። ግሉኮሱ ሲበዛ የመጀመሪያው ዕድገት ጨመረ፤ ሶርቢቶሉ ሲበዛ ሁለተኛው ጨመረ። እንግዲህ ባክቴሪያው ግሉኮሱን ጨርሶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ወደ ሌላው ይዞራል ማለት ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህን ግራፍ ሰሌዳ ላይ ስሎ ተማሪዎቹን ማከራከር ይችላል።

ዲሴምበር 1940 ውጤቱን ለአንድሬ ልዎፍ አሳየው። ልዎፍም ነገሩ ከኢንዛይም መላመድ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም አለው። ሞኖ እንዲህ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ! ጠይቆ ተረዳ፤ 1941 ላይም ጥናቱን አቀረበ። በኋላ በፀረ ናዚው የአርበኞች ትግል ውስጥ ገባ። (ምስጢራዊ ወረቀቶችን በቀጭኔ አጽም እግር ውስጥ ይደብቅ እንደነበር ይተረካል።) ሶርቦን ሲያሰጋው ምርምሩን ፓስተር ኢንስቲትዩት ወደሚገኘው የልዎፍ ቤተ ሙከራ አዛወረ። 1965 ላይ ከልዎፍና ከፍራንስዋ ዣኮብ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ባክቴሪያው መሀል ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? ለሁለተኛው ምግብ የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞችና ማስገቢያ በሮች ገና ስላልተሠሩ ነው። ፕሮቲን መሥራት ጉልበት ይፈጃል። የአንጀቱ ኢ. ኮላይ ግሉኮስ በሚያስገባበት ጊዜ፣ ከአስገቢዎቹ ፕሮቲኖች አንዱ የላክቶስን በር ይዞ ይዘጋዋል። ሞኖ የሞከረበትና አፈር ውስጥ የሚኖረው ባሲለስ ሰብቲሊስ ደግሞ ሲሲፒኤ የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ጥሩ ስኳር ሲገኝ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ የሌሎቹን ምግቦች ጂኖች ያፍናል።

ታዲያ ግሉኮስ ሁልጊዜ ይቀድማል? አይቀድምም። መማሪያ መጻሕፍት ምሳሌያቸው ኢ. ኮላይ ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። አፈር ውስጥ የሚበዛው ሱዶሞናስ እንደ ሰክሲኔት ያለ ኦርጋኒክ አሲድ ካገኘ ግሉኮሱን ያስጠብቀዋል። በባቄላና በአተር ሥር እባጭ ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየምም እንዲሁ ነው። ተክሉ የሚመግበው ስኳር ሳይሆን በዋናነት ማሌት የተባለውን አሲድ ነው፤ እሱም በለውጡ ከአየር የያዘውን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ ይሰጠዋል።