ሙዚቃ፣ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ከውርጌሳ አካባቢ አንጻር

ውርጌሳ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በውጫሌና በመርሳ ከተሞች መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። የወረዳውን ደቡባዊ ወሰን የሚለየው የሚሌ ወንዝ ሲሆን፣ ከወንዙ ባሻገር ካሉት የደቡብ ወሎ ወረዳዎች አንዱ አምባሰል ነው። በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት አራት ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱም በዚሁ ስፍራ ስም የሚጠራ ነው። በዚህም ምክንያት የውርጌሳና የአካባቢዋ ሕፃናት በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ የሚማሩት ከሩቅ የመጣ ዕውቀት ሳይሆን የራሳቸው አገር ያፈራው ሀብት ነው።

ሙዚቃ፣ ሥዕልና የእጅ ሥራ እንዲሁም ሰውነት ማጎልመሻ ከቋንቋ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ ትምህርቶች ተለይተው የሚታዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች ናቸው። በብዙ ወላጆች ዘንድ እንደ መዝናኛ ቢቆጠሩም፣ እያንዳንዳቸው የተወሰነ ይዘት፣ የአሰጣጥ ሥርዓትና የሚጠበቅ ውጤት አላቸው።

የትምህርቶቹ አመጣጥ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ዋናው ትኩረት ቋንቋዎችን ማስተማር ነበር። ይሁንና የሰውነት ማጎልመሻ እንቅስቃሴ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መካከል ይገኝ ነበር። በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በደርግ ዘመን የእጅ ሥራ፣ እርሻና ባልትና ተጨምረው ተማሪው ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን ሙያ እንዲቀስም ጥረት ተደርጓል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በሁለት እርከን ከፍሎት ነበር። በመጀመሪያው እርከን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሙዚቃ፣ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻ በሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ ሥር ተቀናጅተው ሲሰጡ ቆይተዋል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ሁለተኛ እርከን ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የትምህርት እርከኑ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኖ ተደራጅቷል። የመጀመሪያ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ሙዚቃ፣ ሥዕልና ትያትር የክወናና የዕይታ ጥበባት በሚል አንድ የትምህርት ዓይነት ሥር የተካተቱ ሲሆን፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ለብቻው ይሰጣል። የግብረ ገብ ትምህርትም ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች እንደገና ተመልሷል።

በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ

በዝቅተኛ ክፍሎች የሙዚቃ ትምህርት የሚጀምረው በመስማትና በመዘመር ነው። ሕፃናት የአካባቢያቸውን ድምፆች ይለያሉ፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ፣ ረጅምና አጭር፣ ፈጣንና ዘገምተኛ ድምፆችን ያነጻጽራሉ፤ በጭብጨባ ምት ይጠብቃሉ። ስለ ፊደል፣ ስለ ቁጥር፣ ስለ ንጽህናና ስለ እንስሳት የሚዘመሩ መዝሙሮችም ሌሎቹን ትምህርቶች ለማስታወስ ያገለግላሉ።

ከፍ ባሉት ክፍሎች ተማሪው የሙዚቃ ምልክቶችን ማንበብ ይጀምራል። ኖታ በአምስት መስመሮችና በመካከላቸው ባሉት አራት ክፍተቶች ላይ እንደሚጻፍ፣ ሙሉ ኖታ አራት ምት፣ ግማሽ ኖታ ሁለት ምት፣ ሩብ ኖታ አንድ ምት እንደሚይዝ ይማራል። ይህ ትምህርት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠውን የክፍልፋይ ትምህርት በጆሮና በእጅ የሚያረጋግጥ በመሆኑ ሁለቱ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ።

ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎችም በሦስት ወገን ተከፍለው ይጠናሉ። ክራር፣ በገናና ማሲንቆ የክር መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና አሥር፣ ማሲንቆ ደግሞ አንድ ክር አላቸው። ዋሽንት፣ እምቢልታና መለከት የትንፋሽ፣ ከበሮና ጸናጽል ደግሞ የምት መሣሪያዎች ናቸው።

አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይባላሉ። ሁሉም በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ባለክራሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባቲም እንደ አምባሰል በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር የሚገኝ የቦታ ስም ነው። እነዚህን ቅኝቶች በድምፃቸው ለአገር ካሰሙት የወሎ ድምፃውያን መካከል ማሪቱ ለገሰ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች።

የአካባቢው ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ጆሮው ባዶ አይደለም። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመውን የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቤተ ክርስቲያን፣ መንዙማውን በመውሊድ፣ ዘፈኑን በሠርግ ሲሰማ ያደገ ነው። በየጁ ስመ ጥር የሆነው የዳና እስላማዊ የትምህርት ማዕከልም የዚህ ቅርስ አካል ነው። የሙዚቃ መምህሩ ሥራ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ድምፅ ስም እንዲሰጠው፣ እንዲለየውና እንዲያከብረው ማስቻል ነው።

በሥዕልና በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ

የሥዕል ትምህርት ከነጥብና ከመስመር ተነሥቶ ወደ ቅርጽ፣ ወደ ቀለምና ወደ ብርሃንና ጥላ ይሸጋገራል። ተማሪዎች ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሠረታዊ ቀለማት መሆናቸውን ይማራሉ። ቀይና ቢጫ ብርቱካናማን፣ ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴን፣ ቀይና ሰማያዊ ደግሞ ወይን ጠጅን እንደሚያስገኙ ራሳቸው ቀላቅለው ያረጋግጣሉ።

ቀለምና ብሩሽ በማይገኝበት ትምህርት ቤትም ትምህርቱ አይቋረጥም። ከሰል ለጥቁር፣ ቀይ አፈር ለቀይ፣ የተጨመቀ ቅጠል ለአረንጓዴ ያገለግላል። በጭቃ የእንስሳትና የቤት ዕቃ ቅርጽ ይሠራል። ሰንደዶና አክርማ ደግሞ የስፌት ሥራን ለመለማመድ ያስችላሉ። ሰፌድ ወይም ሞሰብ የምትሰፋ እናት የቀለም አደራደርን፣ የቅርጽ ድግግሞሽንና ልኬትን ታውቃለችና፣ አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ተገኝታ ብታሳይ ለመምህሩ ትልቅ አጋዥ ትሆናለች።

አካባቢው በሥዕል ጥበብ ረገድም የረጅም ዘመን ታሪክ ያለው ነው። ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚያመራው መንገድ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በመጻሕፍቱ የታወቀ ሲሆን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል በሥዕሎቹ ይጠቀሳል። ብራናውን የሚያዘጋጀው፣ ቀለሙን የሚበጠብጠው፣ ፊደሉን የሚጽፈውና ሐረጉን የሚስለው ባለሙያ በዛሬው አጠራር የዕይታ ጥበብ ሥራ ይሠራ እንደነበር ለተማሪዎች ማስረዳት ተገቢ ነው።

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ

ሰውነት ማጎልመሻ ኳስ ከመራገጥ የሰፋ ትምህርት ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወርና መቅለብ በሥርዓት ይሰጣሉ። ቀጥሎም ሚዛን መጠበቅ፣ ወደፊትና ወደኋላ መንከባለል፣ የዱላ ቅብብል፣ የርዝመት ዝላይና የኳስ ጨዋታዎች ይከተላሉ። ከእንቅስቃሴው በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከእንቅስቃሴው በኋላም ማቀዝቀዝ የትምህርቱ አካል ናቸው። የግል ንጽህና፣ አመጋገብና ከአደጋ መጠበቅም በዚሁ ሥር ይጠናሉ።

ባህላዊ ጨዋታዎች በትምህርቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ አላቸው። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር የመቆምን ሚዛን፣ ቅልብልቦሽ የዓይንና የእጅን ቅንጅት፣ ገበጣ ስሌትን፣ የገና ጨዋታ ደግሞ ሩጫንና የቡድን ሥራን ያዳብራሉ። ለነዚህ ጨዋታዎች የሚያስፈልገው ጠጠር፣ እንጨትና የተጠረገ ሜዳ ብቻ ነው። የካልሲ ኳስም ለጀማሪ በቂ ነው።

በወልድያ ከተማ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ለዞኑ ስፖርት ከፍተኛ መነቃቃት የፈጠረ ግንባታ ነበር። ይሁን እንጂ በስታዲየም የሚሮጥ ወጣት አስቀድሞ በትምህርት ቤት ሜዳ አሯሯጡን የተማረ ሕፃን መሆን አለበት። ሀብሩ በአብዛኛው ቆላና ወይና ደጋ በመሆኑም የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ቢመደብና ውሃ በቅርብ ቢኖር ይመረጣል።

የክፍለ ጊዜው መነጠቅ

የነዚህ ትምህርቶች ዋነኛ ችግር በመርሐ ግብሩ ላይ ተጽፈው በተግባር መዘለላቸው ነው። ለዚህም ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው ከፈተና ጋር የተያያዘ ነው። ለረጅም ዓመታት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትኩረቱ በቋንቋ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርቶች ላይ በመሆኑ፣ ፈተና በተቃረበ ቁጥር የሙዚቃና የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለክለሳ ሲውል ይስተዋላል።

ሁለተኛው ምክንያት የመምህራን ሥልጠና ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች ስለሚያስተምር፣ ሙዚቃን ወይም ሥዕልን በቅጡ ያልሠለጠነ መምህር ክፍለ ጊዜውን በሌላ ሥራ ሊተካው ይገደዳል። በወልድያና በደሴ የሚገኙት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች መምህራንን በማሠልጠን ረገድ ያላቸው ድርሻ ከፍተኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የቁሳቁስ እጥረት ነው። ሆኖም ከላይ እንደተመለከተው አብዛኛው የመርጃ መሣሪያ በአካባቢው የሚገኝ በመሆኑ፣ ከበጀቱ ይልቅ የሚያንሰው ለትምህርቱ የሚሰጠው ግምት ነው ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በመዝለቁ በዞኑ የሚገኙ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለውድመትና ለዘረፋ ተዳርገዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶም በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት የብዙ ተማሪዎችን ትምህርት አስተጓጉሏል። ትምህርታቸውን ካቋረጡበት የሚቀጥሉ ሕፃናት ያለፈውን ይዘት ለማካካስ በሚደረግ ጥድፊያ ውስጥ፣ መጀመሪያ የሚቀነሱት ሙዚቃ፣ ሥዕልና ጨዋታ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በአስቸኳይ ጊዜ ትምህርት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንደሚመክሩት፣ አስፈሪ ሁኔታ ያሳለፈ ሕፃን በቃል ሊገልጸው ያልቻለውን በሥዕል ሊያወጣው ይችላል፤ በኅብረት መዘመርና መጫወትም ከጓደኞቹ ጋር እንደገና ያቀራርበዋል። ሕጉ የታወቀ፣ ተራው የሚጠበቅ ጨዋታ ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን የተረጋጋ ሥርዓት ምን እንደሆነ የሚያስታውሰው ነው። ስለሆነም እነዚህ ትምህርቶች ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚታሰቡ ሳይሆኑ፣ ተማሪውን ወደ መማር የሚመልሱ መሣሪያዎች ተደርገው መወሰድ ይኖርባቸዋል።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሒሳብ ደብተሩን እንደሚመለከቱ ሁሉ የሣለውን ሥዕል ቢያዩ፣ የተማረውን መዝሙር ቢያዘምሩት፣ የሚያውቁትን ጨዋታ ቢያሳዩት ትምህርቱ ክብር ያገኛል። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም የሙዚቃና የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜያት በተመደቡበት ሰዓት መሰጠታቸውን መከታተል ይችላል። በውርጌሳ ዙሪያ አምባሰልን በቅኝቱ የሚለይ፣ የእናቱን ስፌት ሐረግ በወረቀት የሚያሰፍር፣ ቅብብል ሲሮጥ ዱላውን በአግባቡ ለጓደኛው የሚያቀብል ተማሪ ሲገኝ፣ የነዚህ ትምህርቶች ዓላማ ግቡን መታ ማለት ነው።