ሠሪና አሠሪ፤ ከዓርብ ገበያ እስከ ኢንተርኔት ገበያ

ሰው በራሱ እጅ የማይሠራውን ነገር በሌላው እጅ ማሠራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቅሬታ ከሥራ ተለይቶ አያውቅም። አሠሪው «ዘገየብኝ፣ ጎደለብኝ፣ ያዘዝሁትም ይህ አልነበረም» ይላል። ሠሪው በበኩሉ «ያልተነጋገርነውን ጨመረብኝ፣ ድካሜን ናቀ፣ ዋጋዬን ያዘብኝ» ሲል ያማርራል። በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች በኢንተርኔት ገበያ ፊቱን ከማያውቁት ደንበኛ ጋር መዋዋል ከጀመሩ ወዲህ ይኸው ቅሬታ እንደ አዲስ በሽታ ሲቆጠር ይሰማል። ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሳለፉት ታሪክ የሠሪና የአሠሪ ጠብ ከምን እንደሚነሣ፣ በምንስ እንደሚበርድ በግልጽ ያሳያል።

ሸማና ማረሻ

ጋይንት ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ እስከ ጨጨሆ አፋፍ የሚዘልቅ ደጋ የሚበዛበት አገር ነው። ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በታች ጋይንት የምትገኘው የዓርብ ገበያ ስም እንደሚመሰክረው፣ የአገሩ ሰው የሚገናኝበት ቀን የታወቀ ነበር። ሸጦ የሄደ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያታለለም ሰው በሳምንቱ ይያዛል።

ሸማኔ በዚህ አገር ባብዛኛው ይሠራ የነበረው በትእዛዝ ነው። ጥጡን ገዝተው፣ ድሩንና ማጉን ፈትለው የሚያቀርቡት የአሠሪው ቤት ሴቶች ናቸው፤ ሸማኔው የሚያዋጣው ጉልበቱንና ጥበቡን ነው። ጠቡም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ባለ ፈትሏ ክሬ ጎደለ ትላለች፤ ሸማኔው ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ፣ ብልሽቱም ከፈትሉ እንጂ ከእጄ አይደለም ይላል። ልኩም ቢሆን ሌላ ጣጣ ነበረው። ሸማ የሚለካው በክንድ ነው፤ የረጅም ሰው ክንድ ደግሞ ከአጭር ሰው ክንድ ይበልጣል። ስለዚህ «ስንት ክንድ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «በማን ክንድ?» የሚለውን ያልተነጋገሩ ሰዎች ሸማው ከተሠራ በኋላ ይጣላሉ።

የቀጥቃጩም ነገር ከዚህ አይለይም። ማረሻና ማጭድ የሚሠራለት ገበሬ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው በእህል ነው። ሥራው የሚፈለገው ክረምት ሳይገባ፣ እህሉ የሚገኘው መከር ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን ወራት ሁሉ አበዳሪው ድኻው ቀጥቃጭ ነው። መከሩ የከፋ እንደ ሆነ የጉዳቱ ተካፋይ ይሆናል፤ መከሩ የበጀ እንደ ሆነ ግን ከተወሰነለት አይጨመርለትም።

እነዚህን ጠቦች ለማብረድ አገሩ ሦስት መሣሪያ ነበረው። አንደኛው ቀብድ ነው፤ አሠሪውን በገንዘቡ፣ ሠሪውን በቃሉ ያስራል። ሁለተኛው ዋስ ነው፤ ተዋዋዮቹን ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው በመካከል ይቆማል። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፤ ዋሱ ያልያዘውን ጠብ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ሦስቱም የሚሠሩት ግን ተዋዋዮቹ እኩል ሊደመጡ የሚችሉ ሲሆኑ ነው። እዚህ ላይ ያለፈው ሥርዓት ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሸማኔውና ቀጥቃጩ በሥራቸው ይፈለጋሉ፤ በስማቸው ግን ይናቃሉ። ቀጥቃጩ ቡዳ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ርስት አይኖረውም። ርስት የሌለው ሰው ዋስ ለማግኘት ይቸግረዋል፤ ሽማግሌዎቹም ባለርስቶች ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው፣ ንቀቱ በዐዋጅ ካልሆነ የማይገታ ሥር የሰደደ ነገር እንደ ነበር ያሳያል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ የተናቀው ሰው ክርክር እኩል እንዲደመጥ ማድረግ ግን ከዐዋጅ በላይ ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነበር።

ዘጸሐፎና ዘአጽሐፎ

በዚሁ አገር ሠሪው የሚከበርበት ሥራም ነበረ፤ እርሱም የቁም ጽሕፈት ነው። በታች ጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በልዩ ልዩ አገር ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ዕውቀቱን ያስመሰክራል።

መጽሐፍ ማስጻፍ ከባድ ውል ነበር። ፍየሉ ወይም በጉ ይታረዳል፤ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ብራና ይሆናል። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል። የድጓ ጽሕፈት ደግሞ ከሌላው ይብሳል፤ ከፊደሉ በላይ የዜማው ምልክት በደቃቁ ይጻፋልና። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ሁሉ መብላት አለበት። አስጻፊው ቀለቡንና ዋጋውን በየደረጃው ካልሰጠ ጸሐፊው መቃውን ያስቀምጣል፤ ጸሐፊው ቢያዘገይ ወይም ቃል ቢዘል አስጻፊው ያጉረመርማል።

የዚህ ሥራ መፍትሔ ከሸማውና ከማረሻው የተለየ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፤ አንዱ ዘጸሐፎ፣ ሁለተኛው ዘአጽሐፎ። የሠሪውና የአሠሪው ስም በአንድ ገጽ ይውላል፤ መጽሐፉን የሚሰርቀውን ወይም ስሙን የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃልም ይከተላል። ውግዘት ቢኖርም እንኳ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው መጻሕፍት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተገኝተዋል። ይህም ራሱ ለስም ምን ያህል ዋጋ ይሰጥ እንደ ነበር ይመሰክራል። «ስም ከመቃብር በላይ ነው» የሚለው ብሂል ለጸሐፊው ተግባራዊ ትርጉም ነበረው፤ መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር የጠራው ሥራውም ሆነ የዘለለው ቃል በስሙ ይቈጠራል።

ከስሙ ሌላ ዳኛም ነበረ። ምልክቱ የተሳሳተ ድጓ ዜማውን ጠንቅቆ በሚያውቅ መምህር ፊት ሊደበቅ አይችልም። አስጻፊው በሀብቱ፣ ጸሐፊው በጥበቡ ቢመካም፣ የሥራውን ጥራት የሚለየው ሁለቱም የሚያከብሩት ሦስተኛ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ክርክሩ የጉልበት መሆኑ ቀርቶ የዕውቀት ይሆናል።

ጋፋትና የጨጨሆ መንገድ

ዳኛ የሌለበት ሥራ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ደግሞ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን መመልከት ይበቃል። በጳጳስ ሳሙኤል ጎባት አማካይነት የመጡ የውጭ አገር ሚስዮናውያን ባለእጆች በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በዚያ ሰፍረው ነበር። ቴኦፊል ዋልድማየርና ካርል ሳልሙለር ከእነርሱ መካከል ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው በጠየቁ ጊዜ ባለእጆቹ ይህን ሥራ አናውቅም ብለው መለሱ። ዋልድማየር በኋላ እንደ ጻፈው፣ እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸው ታሰሩ። እንግዲህ ውሉ የተጀመረው በእስራት ነው። ከብዙ ሙከራና ድካም በኋላ መድፍ መቅለጥ ተቻለ፤ ንጉሡም ተደስተው ሸለሟቸው። ነገር ግን የተሸለመ ሠሪ እንቢ ማለት ካልቻለ ነጻ ሠሪ ሊባል አይችልም።

አሠሪውም የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ከዚህም የተነሣ የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎችን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ባለእጆችና መሣሪያዎች እንዲያመጣላቸው ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። የተቀጠሩት ባለእጆች እስከ ምፅዋ ደረሱ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተለቀቁ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ። አንደኛው ወገን ዕቃውን አስቀድሞ ሊቀበል፣ ሁለተኛው ወገን እስረኞቹን አስቀድሞ ሊረከብ ፈለገ። ሁለቱም የሚያምኑት መያዣ ተቀባይ በመካከል አልነበረም።

በ1859 ዓ.ም. በጋፋት የቀለጠው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ ይመዝን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በጋይንት በኩል፣ የጨጨሆን ገደል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ወሰዱት። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይጎትተው ነበር፤ የጋፋት ባለእጆችም አብረው ተጉዘዋል። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ ግን ጌታውን አላዳነም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሞቱ። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ ወልድያ አውራ ጎዳናም ጋይንትን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል።

ሕጉና የዛሬው ገበያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የአባቶችን ቀብድ ተቀብሎ በጽሑፍ አጸናው። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ከቁጥር 2610 ጀምሮም፣ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ሠርቶ ሲያስረክብ ሌላው ዋጋ የሚከፍልበትን ውል ሕጉ ይደነግጋል። የናቀም የተናቀም በአንድ ችሎት እኩል እንዲቆም መደረጉ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው።

ዛሬ ገበያው ከዓርብ ገበያ ወጥቶ ወደ ስልክ መስኮት ገብቷል። ፋይቨር በ2010 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ አፕወርክ የሚለው ስም በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። በአገር ውስጥም በቴሌግራም መሸጥና ማሠራት ተለምዷል። የእነዚህ ገበያዎች አሠራር ተገላልጦ ሲታይ ከአሮጌው ብዙም አይርቅም። ደንበኛው ገንዘቡን በገበያው ባለቤት እጅ ያስቀምጣል፤ ይህ መያዣ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም አንዳቸው ስለ ሌላው አስተያየት ይጽፋሉ፤ ይህም ዘጸሐፎና ዘአጽሐፎ ነው። ቅሬታውም ያው ነው፤ ደንበኛው ከውሉ ውጭ «ትንሽ ጨምርልኝ» ይላል፣ ሠሪው ቀን ያሳልፋል፣ «በማን ክንድ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ሥራ ይጀመራል።

ልዩነቱ በዳኛው ላይ ነው። የውጭው ገበያ ባለቤት ሕግ አውጪም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ፈራጅም ነው፤ ከክፍያውም ኮሚሽን ያገኛል። ከነፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ስሙ ከገበያው ቢሰረዝ አቤት የሚልበት ሽማግሌ በአቅራቢያው የለም። በቴሌግራም ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፤ ገንዘብ አስቀድሞ ይላካል፣ መያዣ ተቀባይ ግን የለም፣ ስምም በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ መስጠቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማስረጃ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ለትንሽ ዋጋ ሥራ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ከሚያገኘው የሚያጣው ይበዛልና።

የሙያ ማኅበራት ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በአንድ ነገር ይጠቃለላል። የሠሪና የአሠሪ ቅሬታ የሚወለደው ልኩ፣ ቀኑና ዋጋው አስቀድሞ ባለመቆረጡ ነው፤ ቅሬታው ወደ በደል የሚለወጠው ግን ሁለቱም የሚቀበሉት ዳኛ ሲጠፋ ነው። ሸማኔው የተበደለው ቀብድ ስላልነበረ አይደለም፤ ቃሉ እኩል ስላልተደመጠ ነው። የጋፋት ባለእጆች ሽልማት አላጡም፤ ያጡት እንቢ የማለት መብት ነው። የድጓው ጸሐፊ የተከበረው ሥራውን የሚያውቅ መምህር በመኖሩ ነው።

ይህን ቦታ ዛሬ ሊይዙ የሚችሉት የሙያ ማኅበራት ናቸው። ማኅበር ለአባላቱ የውል ናሙና ሊያዘጋጅ ይችላል፤ የሥራውን ልክ፣ የማሻሻያውን ብዛት፣ የርክክቡን ቀን የሚያስቆርጥ ናሙና። ከዚያም በላይ ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች የተቋቋመ የሽምግልና ጉባኤ ሊኖረው ይችላል። ጉባኤው ለአባሉ የሚያደላ ከሆነ ግን ደንበኛ አይቀበለውም፤ ያጠፋ አባሉን «አጥፍተሃል» ለማለት የማይደፍር ማኅበር ለተበደለ አባሉ ሲመሰክርም አይታመንም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንደሚባለው፣ ዳኝነትም አደራ ነው።