ሦስት ቋንቋ ተምሮ በአንዱም አለመጻፍ፦ ነጌሌ ቦረናና የደቡብ ቆላ ከተሞች

በኢትዮጵያ ስለ ቋንቋ ትምህርት የተደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጥያቄዎች አልፎ አያውቅም፦ ልጆች በየትኛው ቋንቋ ይማሩ? ቋንቋውስ በየትኛው ፊደል ይጻፍ? ሁለቱም የማንነትና የሥልጣን ጥያቄዎች ስለሆኑ የምሁሩንም የፖለቲከኛውንም ጉልበት ጨርሰዋል። ልጁ በተማረው ቋንቋ ምን ይጽፋል የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ግን ጠያቂ አጥቶ ቆይቷል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሁለቱ ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ከተመለሱ በኋላም ሦስተኛው እንዳለ ተቀምጧል፣ ይህም በደቡቡ ቆላ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ጎልቶ ይታያል የሚል ነው።

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ነጌሌ ቦረና ዛሬ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ናት። የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሷት በጥር 1966 ዓ.ም. በምግብና በውኃ ተማርረው ባመፁት ወታደሮቿ ነው። የጦር ሠፈሩ ግን ለቋንቋ ተመራማሪም ትርጉም አለው፤ አማርኛ ወደ ከተማዋ ከገባባቸው በሮች አንዱ እሱ ነበር፤ ሌሎቹ ገበያውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ናቸው። በገበያው የቦረናና የጉጂ ኦሮምኛ ይነገራል፤ ከሊበን በኩል የሚመጣው ነጋዴ ሶማሊኛ ይናገራል፤ የገሪ ጎሣ ሰዎች ሁለቱንም ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ ይዘው ያድጋሉ። ወደ ሞያሌ ሲወረድ ቡርጂኛ፣ ድንበሩን ሲሻገሩ ደግሞ ስዋሂሊ ይጨመራል። በእነዚህ ከተሞች ያደገ የአሥር ዓመት ልጅ ሦስት ቋንቋ ቢሰማና በሁለቱ ቢገበያይ ማንም አይደነቅም። በትምህርት ቤት በር ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ሀብት እንደ ዕዳ ይቆጠርበታል።

የፖሊሲው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። በንጉሡ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያው አማርኛ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛንና ሶማሊኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. በፓርላማ አዳራሽ የተሰበሰቡ የኦሮሞ ምሁራንና ተወካዮች ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ወሰኑ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ አደረገ፤ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎችም እስከ 8ኛ ክፍል ሲሠራበት ቆየ። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ቁቤ ምርጫ የጻፉት ጥላሁን ገምታ እንዳስረዱት የኦሮምኛ አናባቢ ርዝመትና የተነባቢ ጥብቀት ትርጉም ለዋጭ ናቸው፤ ቁቤ ሁለቱንም ፊደል በመድገም ያሳያል። በግዕዝ ፊደል ግን ጥብቀት ስለማይጻፍ ለአንባቢ ግምት ይተዋል።

ያም ሆኖ የፊደሉ ውሳኔ በብዙ ልሳን ከተማ ውስጥ ምን እንዳስከተለ በጥሞና የተመለከተ ጥቂት ነው። በላቲኑ ረድፍ ኤክስ የሚባለውን ምልክት እንውሰድ። በቁቤ የ«ጠ» ድምፅ ነው፤ በሶማሊኛ የ«ሐ»፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ክስ»። ሲ የሚባለው በቁቤ «ጨ»፣ በሶማሊኛ ከጉሮሮ የሚወጣው «ዐ»፣ በእንግሊዝኛ አንዴ «ከ» አንዴ «ሰ» ነው። አናባቢን በመድገም ማርዘም ደግሞ በቁቤና በሶማሊኛ አንድ ዓይነት ሕግ ሲሆን በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አናባቢ ብዙውን ጊዜ ሌላ ድምፅ ይሆናል። ልጁ በዚህ ላይ ጥቂት ክፍሎች ቆይቶ 33 ፊደላትን በሰባት ቤት የሚያረባውን የአማርኛ ገበታ ይቀበላል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአዲስ አበባው ተማሪ «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን በሽምደዳ ብቻ ሲለይ፣ ሶማሊኛ ተናጋሪው ልጅ ሁለቱን ድምፆች በአፉ ይዞ ነው የሚመጣው። አማርኛ ረስቶ በፊደሉ ብቻ ያስቀረውን እሱ በየቀኑ ይናገረዋል። ይህን ለልጁ የሚነግር መጽሐፍም መምህርም ግን የለውም። ሦስቱ የቋንቋ መጻሕፍት አንዱ ስለ ሌላው አንዳች ሳይናገሩ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ይኖራሉ።

ጽሕፈት ከንባብ ተለይቶ የመኖሩ ነገር ዘመናዊ ትምህርት ቤት የፈጠረው አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ የሁሉ፣ ጽሕፈት ግን የጥቂት ባለሙያዎች ጥበብ ነበር፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ብርዕ አይዝም። በቆላው የቁርኣን ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በሎሕ ላይ ይጽፋል፣ ያጥባል፣ እንደገና ይጽፋል። ሆኖም የሚጽፈው የራሱን ሐሳብ አይደለም። ሁለቱም ወጎች የተቀደሰውን ቃል ሳያዛንፉ ለማስተላለፍ የቆሙ ናቸው፣ ለዚያም በቂ ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ዓላማው ሌላ መሆኑን እያወጀ ልማዱን እንዳለ ወርሷል። መምህሩ በጠመኔ ይጽፋል፤ ተማሪው ኖት ይገለብጣል፤ ለፈተና ያጠናዋል። ብዙ ገጽ ይሞላል እንጂ አንድም ዓረፍተ ነገር ከራሱ አያወጣም።

የመማር ውጤቱን በተመለከተ ሁለት ጥናቶች መነሳት አለባቸው። ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2007 ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ያቀረቡት ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩ ልጆች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በስምንት ክልሎችና ከተሞች የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሢሶው ያህል አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አገኘ፤ የተመዘኑት በሚማሩበት ቋንቋ ነበር። ሁለቱ ግኝቶች አይቃረኑም። ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ አንድ ሰው በአንደኛው ቋንቋ ያዳበረው የማንበብና የመጻፍ ችሎታ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል ይላል። የሚሻገረው ግን የዳበረ ችሎታ ነው። በኦሮምኛ አንቀጽ ማዋቀር ያልተለማመደ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስና ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆን ይዞት የሚሻገረው ስንቅ የለውም። ስለዚህ «በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር እንግሊዝኛን ገደለ» የሚለው የወላጆች ስሞታ ዒላማውን የሳተ ነው። እንግሊዝኛውን የጎዳው በአፍ መፍቻ ቋንቋ በቂ አለመጻፍ ነው።

ለምን አይጽፉም? ዋናው ምክንያት ፈተናው ነው። ብሔራዊ ፈተናዎቻችን በምርጫ ጥያቄ የቆሙ ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ፈተና እንኳ ስለ አጻጻፍ የሚጠይቀው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል በማስመረጥ ነው። ይህ በጽሑፍ ፈንታ የጽሑፍን ጥላ መመዘን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሀገር አስደንግጧል፤ ድንጋጤው ግን ወደ ኩረጃና ወደ መፈተኛ ቦታ አመራ እንጂ ወደ ፈተናው ዓይነት አልሄደም። ሁለተኛው ምክንያት ሒሳብ ነው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ቢኖርና መምህሩ ለእያንዳንዱ ድርሰት አምስት ደቂቃ ቢሰጥ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ አምስት ክፍል የሚያስተምር ከሆነ አንድ የቤት ሥራ ለማረም 25 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አያዝም፤ ቢያዝም አያርምም። በ1997 ዓ.ም. የመጣው የፕላዝማ ትምህርት ነገሩን አባብሶታል፤ በቴሌቪዥን የሚያስተምረው ሰው ተማሪው ጽፎ እስኪጨርስ አይጠብቅም ነበር።

ለደቡብ ቆላ ብቻ የሚሆን ሌላ ምክንያትም አለ። በመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው ኦሮምኛ በአብዛኛው ከምዕራቡና ከመካከለኛው አነጋገር የተቀዳ ነው። የቦረና ልጅ በቤቱ የሚለው ቃል በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ «ስሕተት» ሲባል ልጁ የሚማረው ዝም ማለትን ነው። መደበኛ ቋንቋ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ለፈተናም ለመሥሪያ ቤትም ያስፈልጋል። ነገር ግን የመጀመሪያ ድርሰት የመደበኛነት መፈተኛ መሆን የለበትም። ከዚህ ይልቅ አካባቢው ያለውን የቃል ሀብት እንመልከት። ያዩትንና የሰሙትን ትውልድ በትውልድ የሚተርኩት የአርጋ ዸጌቲ አዋቂዎች የገዳ ዘመናትን ቅደም ተከተል በቃላቸው ይዘዋል፤ በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው ጉሚ ጋዮ በተባለው ጉባኤ ሕግ ሲታወጅ የሚደመጠው ንግግር መግቢያ፣ ማስረጃና ፍርድ ያለው የተዋቀረ ሐተታ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳን ሥርዓት ሲመዘግብ መምህራን ይህን ወደ ክፍል ያስገቡታል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። በተግባር ገዳ ወደ ክፍል የገባው ስለ ገዳ የሚቀርብ የምርጫ ጥያቄ ሆኖ ነው። ቶን ሉስና ሲንሺያ ሳልቫዶሪ ያዘጋጁት የቦረና ባህል መዝገበ ቃላት ለአንድ አነጋገር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚቻል ያሳያል፤ ለልጆች የሚሆን ንባብ ግን ከእሱ አልተቀዳም።

የወቅቱ ነገርም አለ። በቦረና ዋናው ዝናብ፣ ገና የሚባለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ አጭሩ ሐጋያ በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው። በመካከሉ ባለው ረጅም በጋ ከብቱ ወደ ፎራ፣ ወደ ሩቁ ግጦሽ፣ ይርቃል፣ ወንዶች ልጆችም አብረው ይሄዳሉ። ለአርሶ አደር ደጋ የተሠራው የትምህርት ዘመን ይህን አያውቅም። ለአርብቶ አደር ልጆች የተከፈቱት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች አንደኛውን እርከን በሦስት ዓመት እንዲጨርሱ ቢያስችሉም፣ ጊዜ ሲያጥር ከትምህርቱ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጽሕፈት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ ከብታቸውን ያጡ ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ማቋረጣቸውም ይታወሳል።

መፍትሔው ከአዲስ አበባ መጀመር የለበትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የፌዴራል ነው፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ግን የክልል ነው። የኦሮሚያና የሶማሌ ትምህርት ቢሮዎች በመጪው ዓመት ፈተና ላይ በማስተማሪያ ቋንቋ የሚጻፍ የአንድ ገጽ ድርሰት ቢጨምሩ፣ ለማረም ተጨማሪ ገንዘብና ጥቂት ሳምንት ይጠይቃቸዋል። መምህሩ ግን በማግሥቱ ድርሰት ማስተማር ይጀምራል፤ የሚፈተነውን ያስተምራልና። የነጌሌ፣ የያቤሎ፣ የሞያሌና የፊልቱ የቋንቋ መምህራንም ቢሮዎቹን ሳይጠብቁ ሦስቱን መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ማን ምን እንደሚያስተምር ይነጋገሩ። ከዚያም ልጆቹ በሳምንት አንድ አንቀጽ፣ በፈለጉት አነጋገር፣ ይጻፉ።