የካርቡራተር መለወጥና የአየር ማጣሪያ ዕጣ በአርሲ ደጋ

የአገራችን የአውቶሞቢል ታሪክ ሲተረክ ጎልቶ የሚነሣው የሞተሩ ጉልበት፣ የመንገዱ መከፈትና የነጂው ብርታት ነው። ከኮፋኖው ሥር በስተጎን ተቀምጦ አየር የሚያጠራው ጣሳ ግን ታሪክ እንዳለው ዕቃ ተቆጥሮ አያውቅም። ይሁን እንጂ በአሰላና በአካባቢው ደጋ የሚሠሩትን ተሽከርካሪዎች ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ጣሳ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሮጌ መኪና ላይ ካርቡራተሩ በሌላ ሥሪት ሲተካ የመጀመሪያው ማጣሪያ ለምን እንደሚጣል፣ መጣሉ ምን እንደሚያስከትልና እንዴት ተመልሶ እንደሚገጠም ማስረዳት ነው። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ከነዳጁ እጅግ የሚበልጥ አየር ነው። 1 ሊትር ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል በባሕር ወለል ላይ ወደ 9 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በአሰላ ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ለዚያው ለ1 ሊትር ወደ 12 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። እንግዲህ የአየሩ አቧራ እኩል ቢሆን እንኳ የደጋው ሞተር ለያንዳንዱ ሊትር የሚስበው አቧራ ይበዛል ማለት ነው። በበጋ ወራት ደግሞ አቧራው እኩል አይደለም። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው፣ ከዚያም በሳጉሬና በበቆጂ አልፎ ወደ ዶዶላ የሚዘልቀው መንገድ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ነበረ። ሁለት መኪናዎች ተከታትለው ሲጓዙ የፊተኛው ያስነሣውን አቧራ የሚተነፍሰው የኋለኛው ነበረ።

በሞተር ዘመን መባቻ ማጣሪያ እንደ ትርፍ ዕቃ ይታይ ነበር። ዳሩ ግን በ1920ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በትራክተሮች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አቧራ የፒስተንን ቀለበትና ሲሊንደርን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበላ አሳዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በሰሜን አፍሪካ በረሓ የተሰለፉት ስፒትፋየር አውሮፕላኖች ቮክስ የተባለውን ትልቅ ማጣሪያ ከአፍንጫቸው ሥር ተሸክመው ይበሩ ነበር። ፍጥነታቸውን ቢቀንስባቸውም ለሞተሩ ዕድሜ ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነበረ። ለመኪናና ለትራክተር በሰፊው የተሠራበት ግን በዘይት የሚሠራው ማጣሪያ ነው። አየሩ ቁልቁል ወርዶ በዘይቱ ላይ በድንገት ሲታጠፍ ከባዱ አቧራ ዘይቱ ውስጥ ይዘፈቃል፤ የቀረውን በዘይት የራሰው የሽቦ መረብ ይይዘዋል። ከኋላ የመጣው የወረቀት ማጣሪያ ይበልጥ ያጠራል፤ ነገር ግን በሞላ ቁጥር አዲስ መግዛትን ይጠይቃል። የዘይቱ ጣሳ ግን በናፍጣ ታጥቦ፣ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ተሞልቶ ሥራውን ይቀጥላል። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

በአርሲ ደጋ ሞተር መብዛት የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዕከሉን አሰላ ላይ አድርጎ ሲቋቋም፣ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ ለማዳረስ ታስቦ ነበር። ይሁንና የስንዴው ትርፍ የሳባቸው ባለ መሬቶች ትራክተርና ኮምባይነር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። መሬቱ ከባለ መሬቶቹ እጅ የወጣው በ1975 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የሞተሩ ባለቤትነት ይህን የመሰለ ከባድ ጥያቄ ያስነሣ ሲሆን፣ የአጨዳው አቧራ ግን ለማንም ሞተር አላዳላም። የዚያ ዘመን የትራክተር መመሪያዎች አቧራ ባለበት ሥፍራ የማጣሪያውን ዘይት በየዕለቱ ማየት እንደሚገባ ያዝዙ ነበር።

ከናፍጣው ትራክተር ጎን ለጎን በደጋው መንገድ የታወቀው ላንድሮቨር ነው። ከ1958 ጀምሮ የተሠራበት ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር በመጀመሪያ የሶሌክስ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የዜኒት ካርቡራተር ነበረው። ማጣሪያው ባለ ዘይት ሆኖ፣ በሰፊ ቱቦና በካርቡራተሩ አናት ላይ በተቀመጠ ጠማማ አፍ በኩል ይገናኛል። የዜኒቱ ክዳን ከጊዜ በኋላ ስለሚጣመም ብዙ ባለቤቶች በዌበር 34 አይ.ሲ.ኤች. ይተኩታል። የመጀመሪያው ጠማማ አፍ ግን በዌበሩ ላይ በቀጥታ አይገጥምም። በቮልስዋገንም ተመሳሳይ ችግር አለ። የ30 ፒክት ሶሌክስ አፍ ስፋት ወደ 51 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ34 ፒክቱ ወደ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቡራተሩ በትልቁ ሲለወጥ የቀድሞው ጣሳ አልገባም ይላል። በዚህ ጊዜ ጣሳው ከጋራዡ ጥግ ይጣልና በቦታው ቀጭን የሽቦ ወንፊት ይደረጋል። ወንፊቱ ቅጠልና ዝንብ ያግድ ይሆናል፤ ሲሊንደሩን የሚሞርደውን ደቃቅ አቧራ ግን አያግድም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ የሁለቱ አፎች ስፋት ተለክቶ በቶርኖ የአሉሚኒየም አገናኝ ቀለበት ይወጣል፤ ጓርኒሲዮንም ይደረግበታል። ከማጣሪያው በኋላ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ያልተጣራ አየር ስለሚያስገባ ማጣሪያውን ከንቱ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ዘይት የሞላው ጣሳ ከባድ ነውና ክብደቱን ካርቡራተሩ ሳይሆን ከሞተሩ ወይም ከአካሉ ጋር የታሰረ ደጋፊ ሊሸከመው ይገባል። ሦስተኛ፣ የሞተሩ የጭስ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ማጣሪያው ይመለሳል። አራተኛ፣ የካርቡራተሩ የነዳጅ ሳህን መተንፈሻ ወዴት እንደሚከፈት ይታያል። ወደ ካርቡራተሩ አፍ ውስጥ ከተከፈተ ማጣሪያው ሲታፈን ድብልቁ ብዙም አይዛባም፤ ወደ ውጭ ከተከፈተ ግን ማጣሪያው በታፈነ መጠን ቤንዚኑ ይበዛል።

በመጨረሻም ጂግለሩ የሚመረጠው ማጣሪያው ከተገጠመ በኋላ ነው። በባሕር ወለል ልክ የተሠራ ካርቡራተር አሰላ ላይ ድብልቁን ከአሥር በመቶ በላይ በቤንዚን ያወፍረዋል። ብዙ ሰው ማጣሪያውን ሲያወልቅ ሞተሩ የሚቀለው ለዚህ ነው፤ አየሩ በዝቶ ውፍረቱ ስለሚቀንስለት ነው። ነገር ግን ይህን በትንሽ ጂግለር ማግኘት ሲቻል በሲሊንደር መበላት መግዛት የባለሙያ ሥራ አይደለም።

ካርቡራተሩ ቢለወጥም የደጋው አየርና አቧራ አልተለወጡም። የመጀመሪያው ማጣሪያ ይህን አቧራ አስቦ የተሠራ የሞተሩ አካል እንጂ ከካርቡራተሩ ጋር አብሮ የሚሻር ጌጥ አይደለም። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በየጋራዡ ሲሠሩ፣ ካርቡራተር ለመለወጥ ለሚመጣ ባለ መኪና የአገናኙን ቀለበት ዋጋ ከሥራው ዋጋ ጋር አብረው ቢነግሩትና የወለቀውንም ጣሳ ሳይጥሉ ቢያስረክቡት፣ በደጋው የቀሩት አሮጌ መኪናዎች ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።