የቱርቦ ናፍታ ሞተር የጧት መንቀጥቀጥ

የቱርቦ ናፍታ ሞተር የጧት መንቀጥቀጥ ቆሞ ያደረ መኪና ሲነሣ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ሳለ የሚያሳየው ያልተስተካከለ አዟዟር ነው። ሚኒሞ የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍታ ሞተሮች ከሞቁ በኋላ በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር ገደማ ነው። ችግሩ በብዛት የሚታየው ረጅም ዘመን ባገለገሉ መኪናዎች ነው። ዋና መለያው ሞተሩ ሲሞቅ መንቀጥቀጡ መቀነሱ ወይም መጥፋቱ ነው።

ከፍታና ብርድ

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይቀጣጠልም። ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ የሚረጨው ናፍታም በዚያ ግለት ይነዳል። ስለዚህ የብረቱ ቅዝቃዜና የአየሩ መሳሳት ሁለቱም መቀጣጠሉን ያዘገያሉ።

ይህ ልዩነት በአንድ መንገድ ላይ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው ጎዳና በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ያልፋል። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር፣ አምቦ 2,100 ሜትር፣ ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመደበኛው ስሌት የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሆለታ 75፣ በአምቦ 78፣ በባኮ 82 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ባኮ አድሮ ያለ ችግር የሚነሣ አሮጌ ሞተር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሆለታ ሲያድር ሊንቀጠቀጥና ነጭ ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ከፍታው ብልሽቱን አይፈጥርም፤ ተደብቆ የቆየውን ድካም ግን ያጋልጣል።

የቱርቦው ድርሻ

ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ የሚሽከረከር አየር መጭመቂያ ነው። በሚኒሞ ላይ የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ጧት ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ የሚስተካከልና በዳገት ጉልበቱ ያልቀነሰ ሞተር ቱርቦ ቢቀየርለት ብዙ ገንዘብ ይወጣል እንጂ ችግሩ አይፈታም። የተጎዳ ቱርቦ የሚታወቀው በዳገት ጉልበት በማጣት፣ በፉጨት ወይም በመፋተግ ድምፅ፣ በዘይት መጉደልና በሰማያዊ ጭስ ነው።

የጭሱ ምልክት

* ነጭ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥና ናፍታ የሚሸት ጭስ፦ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ።
* ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ እንፋሎት፣ የራዲያተሩም ውኃ ሲጎድል፦ ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውኃ።
* ሰማያዊ ጭስ፦ የሚቃጠል የሞተር ዘይት።
* ጥቁር ጭስ፦ የበዛ ነዳጅ ወይም ያነሰ አየር።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉና ርካሹ ይጀምራል።

1. ባትሪና ሞተሪኖ። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረ አየሩ በቂ ግለት አያገኝም።
2. ማሞቂያ ካንዴላ። ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቅ ሲሆን፣ እንደ ቶዮታ 1ኬዜድ ባሉ ቅድመ ክፍል ባላቸው ሞተሮች አስፈላጊነቱ ይጎላል። ማሞቂያዎቹን የሚያገናኘው ብረት ተፈትቶ እያንዳንዱ ለብቻው ይለካል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ከሌለ ባለ 12 ቮልት አምፖል በባትሪው ፖዘቲቭና በማሞቂያው ራስ መካከል ይገናኛል፤ ካልበራ ማሞቂያው ተበጥሷል። ማሞቂያዎቹ ደህና ከሆኑ ኤሌክትሪክ የሚደርሳቸው መሆኑ ይታያል።
3. ነዳጅ። በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመ ውኃ ይፈሳል። በነዳጅ መስመሩ ላይ ለጊዜው የሚያሳይ ጎማ ሲገባ አረፋ ከታየ መስመሩ አየር ይስባል፤ ነዳጁም ሌሊት ወደ ታንከሩ ይመለሳል።
4. ኢንጄክተር። የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር ናፍታውን በደቃቁ አይረጭም፤ ሞተሩም ያንኳኳል።
5. የተቃጠለ ጋዝ መላሽ ቫልቭ። በጥላሸት ተይዞ ክፍት ከቀረ ንጹሑን አየር ያሳንሳል።
6. ኮምፕሬሽን። የቀደሙት ሁሉ ደህና ከሆኑ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል። የአንዱ ከሌሎቹ በብዙ ማነስ የተበላ ፋሻን፣ በደንብ የማይዘጋ ቫልቭን ወይም የተጎዳ የቴስታታ ጓርኒሲዮንን ያመለክታል። የአምቦን ንባብ ሞተሩ በተሠራበት አገር ከታተመ መጽሐፍ ጋር ሲያነጻጽሩ ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሁሉም እኩል ዝቅ ቢሉ ሞተሩ አልቋል ማለት ላይሆን ይችላል።

ጥንቃቄ

በአሮጌ ፖምፓ በሚሠሩ ሞተሮች የደከመውን ሲሊንደር ለማወቅ የኢንጄክተሮቹ ቧንቧ ማሰሪያ በተራ ይላላል፤ ሲላላ የሞተሩን ድምፅ ያልለወጠው ሲሊንደር ደካማው ነው። ይህ ዘዴ እንደ ቶዮታ 1ኬዲ ባሉ የጋራ ቧንቧ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አይሠራበትም። በእነዚህ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል የሚያፈተልከው ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ መጀመሪያ ትንሽ ቢመስልም እጅን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ የተመታ ሰው ሕመም ባይሰማውም ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የእነዚህ ሞተሮች ኢንጄክተሮች የሚመረመሩት በኮምፒውተር ወይም ወደ ታንከር የሚመልሱትን ነዳጅ በመለካት ነው።

ሞተሩ የተነሣ እንደሆነ ነዳጅ በኃይል መስጠት አይገባም፤ ቀዝቃዛ ዘይት ቱርቦው ጋ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በጧት መንቀጥቀጥ ምክንያት ያልነበረው የቱርቦ ብልሽት በዚህ ልማድ ሊመጣ ይችላል።